እናታችንን ሲኒማ የወሰድን ዕለት

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ቀን ብቻ ሲኒማ ገብታለች። የወሰድናት እኛ ልጆቿ ነን፤ የወሰድናትም ታናሽ እህታችን አረብ አገር መሞቷን እንዳትሰማ ነው። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲናገሩት የእብድ ሥራ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ከእድሩ ዳኛ ጀምሮ እስከ ንስሐ አባታችን ድረስ አሳቡን የሰማ ሁሉ "ደግ ዘዴ ነው" ብሎ መርቆናል።

መርዶ በእኛ አገር እንደ ደረሰ አይነገርም። ወሬው አስቀድሞ ለጎረቤቱ፣ ለእድርተኛው፣ ለሩቅ ዘመዱ ሁሉ ይዳረስና ባለቤቱ ብቻ ይቀራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው መሰለኝ። ከዚያ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ድንኳኑ ጎረቤት ግቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ መርዶው የሚነገረው ሰው ማታውን በደንብ እንዲበላ ይደረግና ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወግ አለ። እናት ወንድሟ አጠገቧ ሳይቆም የልጇን ሞት አትሰማም። ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዛት፣ ስትወድቅ የሚያነሳት የእናቷ ልጅ መሆን አለበት። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። የእናቴ ብቸኛ ወንድም ያሉት እብናት ነው፤ መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር።

ወሬው ለእኛ የደረሰው ሐሙስ ነው። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ከእህቴ ጋር አንድ ከተማ የምትሠራ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችለትና መናኸሪያው አጠገብ ተራ ይዞ ቆሞ ሰማው። ባጃጁን እዚያው ጥሎ እስከ ቢሮዬ በእግሩ መጣ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ልጅቷ እየተንሰቀሰቀች "ከፎቅ ወድቃ ነው ይላሉ" ትላለች። "ይላሉ" የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ጠምጃታለሁ። ማን እንዳለ፣ ማን እንዳየ፣ ፎቁ ላይ ምን ልትሠራ እንደ ወጣች የሚነግረን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም። ሬሳዋም አልመጣም። ይመጣል ብዬ መጠበቅም ትቻለሁ።

እህቴ አንድ ጊዜ ሄዳ ተመልሳ ነበር። እዚሁ ደብረ ታቦር የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈተች። መብራት በሄደ ቁጥር ደንበኞቿ ፀጉራቸው ሳይደርቅ በሻሽ ጠቅልለው እየወጡ፣ እየተሳደቡም፣ በዓመቱ ዘጋችው። ለሁለተኛ ጊዜ ልትሄድ ስትል እናቴ በሩ ላይ ተጋድማ "በእኔ ላይ ተራምደሽ ሂጂ" አለቻት። እህቴ አልተራመደችም። አጠገቧ ተጋድማ አብራት ስታለቅስ ቆየችና እናቴ ደክሟት ዓይኗን ስትከድን ተነስታ ሄደች። ምን ታድርግ? እዚህም ያለው ያው ነው። ይህን የምለው እሷን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ ያኔም፣ አሁንም፣ የተሻለ የምመክራት ነገር ስለሌለኝ ነው።

እንግዲህ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እናታችንን እንደ እንቁላል ይዘን ሰነበትን። እህቴ የምትደውለው ቅዳሜ ስለሆነ ወንድሜ "ድምፁ ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ" ብሎ ስልኳን ወሰደባት። ምንም ያልሆነ ስልክ ነው። የወንድሜ ሚስት ዓይኗ በቀላ ቁጥር "ሽንኩርት ነው" ትላለች፤ በእነዚያ ቀናት ለሠርግ የሚበቃ ሽንኩርት ከትፋለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ድንገት ደግ ሆኑ። ከእናቴ ጋር በፍሳሽ ቦይ የተነሳ ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረችው ሴትዮ እርጎ ይዛ መጣች። እናቴ እርጎውን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ዕቃውን አጥባ መለሰች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኛ ግን ባደረ ቁጥር ከበደን።

የእድሩ ዳኛ "እሑድ ሊነጋጋ ሲል" ብለው ቆረጡ። ለዚያ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ባዶ መሆን አለበት። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ወንበር ይቆጠራል፣ ሴቶች ባቄላ ይለቅማሉ። እናቴን የት እናድርጋት? ቤተ ክርስቲያን እንዳንወስዳት ምእመኑ ሁሉ ሰምቷል፤ ስታያት እዬዬ የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። ዘመድ ቤትም ያው ነው። መላውን ያመጣው ወንድሜ ነው።

"ሲኒማ እንውሰዳት።"

"አብደሃል?"

"የህንድ ፊልም መጥቷል። ከፊልም ሁሉ የሚረዝም የህንድ ነው። ደግሞ እዚያ የእሷ እኩያ አይገባም፤ የሚያውቃት ሰው የለም።"

ያን ሰሞን ከተማው ስለዚያ ፊልም ነበር የሚያወራው። ዘፈኑ በየባጃጁ ይጮኻል፤ የቢሮ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ሁለት ጊዜ አይተውታል። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ርዝመቱን ብቻ ነበር የፈለግነው።

እናቴ ስንነግራት ምስር እየለቀመች ነበር።

"እኔን ነው? ምን ሁናችሁ ነው?"

"ምንም አልሆንንም፣ እማዬ። አንድ ቀን አብረን እንውጣ ብለን ነው" አልኳት።

"ሲኒማ የጎረምሳ ቦታ አይደል እንዴ? ወዴት ነው እምትወስዱኝ?"

የወንድሜ ሚስት ገባችበት። "እማማ፣ አንቱም እኮ አንድ ቀን ይደሰቱ እንጂ። ሁልጊዜ ሥራ፣ ሁልጊዜ ጓዳ!" ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረና ሳል አስመስላ ሸፈነችው።

እናቴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወንድሜን፣ መጨረሻ እኔን አየች። ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና "እሺ" አለች። ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ለጥምቀት የምትለብሰውን የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯን አዲስ ሻሽ አስራለች። ደስ ብሏታል ብዬ አሰብኩ። ቢሮ ውስጥ ብልህ ናት የሚሉኝ ሰዎች ያን ጊዜ ባዩኝ።

አዳራሹ ተራ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት ነጭ መጋረጃ ሰቅለው፣ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረውበታል። በሩ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ላይ ጢማም ጎበዝ ሽጉጥ ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው አንዲት ልጅ ጀልባ ላይ ሆና ትስቃለች። ውስጡ በተማሪ ተሞልቶ ሱፍ ይቆረጠማል። እናቴን መሐል አስቀመጥናት፤ በቀኝ ወንድሜ፣ በግራ እኔ፣ ከእኔ ቀጥላ የወንድሜ ሚስት። ስናስቀምጣት እስረኛ የምናጅብ እንመስል ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። በትርጉም ነው። አንድ ጎርናና ሰውዬ የሁሉንም ንግግር ብቻውን በአማርኛ ይናገራል፤ ጎበዙንም፣ ሽማግሌውንም፣ ኮረዳይቱንም። ኮረዳይቱ ከንፈሯን አሹላ ስታሽኮረምም "ልቤን ወሰድከው" የሚል የከባድ መኪና ሹፌር ድምፅ ይወጣታል። ተማሪው ይስቃል።

"ይህ ሁሉ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው?" አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

"አይ፣ ሰውዬው እያስረዳን ነው።"

"ደግ ሰው ነው። ይደክመዋል" አለች።

ታሪኩ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ነው። ልጅቱ ወንዝ ላይ ትዘፍናለች፣ የሀብታም ልጅ ይወዳታል፣ ክፉ አጎቱ ይጠላታል። ከዚያ ድግስ ሆነ፤ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ቢጫና ቀይ ለብሶ መጨፈር ጀመረ። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ ከኋላ የቆሙት እስክስታ ሞክረዋል። በዚያ መሐል ከጎኔ አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። የወንድሜ ሚስት ታለቅሳለች። በክርኔ ጎሰምኳት። አልተወችም። ወደ ቀኝ ባይ ወንድሜም ያው ነው፤ ያ ትራፊክ ፖሊስን እያሯሯጠ የሚሳደብ ባጃጅ ነጂ፣ በህንድ ጭፈራ እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ልቆጣ አስቤ አፌን ስከፍት እኔንም አሸነፈኝ። ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ጠብታ አላለቀስኩም ነበር። ቤት ውስጥ አይለቀስ፣ ቢሮ አይለቀስ፣ መንገድ አይለቀስ። ጨለማ ስናገኝ ለካ ሦስታችንም ይህንን ነበር የምንጠብቀው። ከፊታችን የተቀመጠች ልጅ ዘወር ብላ አየችንና አዘነችልን።

"ኧረ ገና ነው! እሚያስለቅሰው እኮ ከኋላ ነው" አለችን።

ሳቅም መጣብኝ፤ ሳቁና ልቅሶው ተደባልቆ ትንፋሽ አሳጣኝ። ቀና ስል እናቴን አየኋት። መጋረጃውን አታይም። የጭፈራው ብርሃን ፊቷ ላይ እየተቀያየረ እኛን ታያለች። ወንድሜን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አንስታ አፍንጫውን ጠረገችለት፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችና ፊቷን ወደ ፊት አዞረች። እኔ ሞኟ፣ ፊልሙ ያስለቀሰን መስሏታል ብዬ ተጽናናሁ።

እሚያስለቅሰውም መጣ። ክፉው አጎት ልጅቱን ከድልድይ ላይ ገፍትሮ ወንዝ ከተታት። አዳራሹ ሙሉ ተላቀሰ። ከከፍታ ስትወድቅ ቀስ አድርገው ነው ያሳዩት፤ ቀሚሷ ተዘርግቶ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አየር ላይ ተንሳፍፋ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በዓለም ላይ ካለው ፊልም ሁሉ መርጠን እናታችንን ያመጣናት እዚህ ነው። ተነስቼ የመብራት ገመዱን መበጠስ አማረኝ። እናቴ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። በዚያ አዳራሽ ያላለቀሰች ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ከሦስት ዘፈን በኋላ ልጅቱ ከነሕይወቷ ተመለሰች። ዓሣ አጥማጆች አግኝተዋታል። ኩሏ እንኳን አልፈሰሰም። ተማሪው ወንበር ላይ ቆሞ አጨበጨበ፣ አፏጨ። በህንድ ፊልም ሰው እንዲያው በከንቱ አይሞትም። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። የእኛይቱን የሚቀበላት አንድ ዓሣ አጥማጅ እንዴት ይጠፋል?

ወንድሜ ወጣ ብሎ ደውሎ ተመለሰ። በእናቴ ጀርባ በኩል ዘንበል ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ቤት ዝግጅቱ አላለቀም፤ አጎታችን ደግሞ መንገዱ ተከፍቶ ከእብናት የተነሱት ገና አሁን ነው። እስኪመሽ እንዳናመጣት ብለዋል።

ፊልሙ አለቀ፣ መብራት በራ። ሰው እየተጋፋ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ የሱፍ ገለባና እኛ ቀረን። እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እማዬ፣ እንነሳ። ከተማውን ትንሽ በባጃጅ እናዞርሽ፣ ሻይ እንጠጣ" አልኳት።

"ወንድሜ ከእብናት ገባ?" አለች።

ስለ ወንድሟ ማንም አልነገራትም። ይመጣሉ ያለ ሰው የለም። የወንድሜ ሚስት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ወንድሜ ግን ውሸቱን ለምዶታልና አሁንም ሊሞክር አለ።

"የምን ወንድም እማዬ? አጎቴ ምን ሊሠራ ይመጣል በዚህ..."

"ተው ልጄ፣ አትድከም።" ድምፅዋ አልተቆጣም። "ስልኬን ስትወስድብኝ ጠረጠርኩ። ያቺ ሴትዮ እርጎ ስታመጣ ደግሞ እግዚኦ አልኩ። ዛሬ ሲኒማ ስትሉኝ... እኔን ሲኒማ! እናንተ ሁለታችሁ እዚህ ናችሁ፤ እሚቀር ማን አለ?" እጆቿን አየች። "እኔ እምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ገባ ወይስ አልገባም?"

"አልገቡም እማዬ" አልኳት። "መንገድ ላይ ናቸው።"

"እንግዲያ ስሟን እንዳትጠሩ። እሱ ሳይገባ እንዳትነግሩኝ። ብትነግሩኝ አልችለውም።"

አልነገርናትም። ሁሉን እያወቀች፣ እኛም ማወቋን እያወቅን፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥን። ልቅሶ የለ፣ እቅፍ የለ። ባቅፋት መንገሬ ነው። የፊልም ማሳያውን መሣሪያ የሚያስተካክለው ልጅ መጥቶ ቀጣዩ ሊጀምር ነው፣ ውጡ አለን። እናቴ "እንይ ልጄ፣ ቅድም አላየሁትም" አለችው። ወንድሜ ተነስቶ በር ላይ ካሉት ጋር ተነጋግሮ መጣ። ሌላ ሕዝብ ገባ፣ ሌላ ሱፍ መቆርጠም ተጀመረ፣ መብራቱ ጠፋ።

"አሁን ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። ይቺ ማን ናት?" አለችኝ።

አስረዳኋት። የቀዛፊው ልጅ መሆኗን፣ እናቷ መሞቷን፣ ጀልባው የአባቷ መሆኑን። በየመሐሉ ትጠይቀኛለች፤ ወንዙ ስሙ ማን ነው፣ ልጅቱ ትምህርት አልገባችም ወይ፣ ያ ጎረምሳ ሃይማኖቱ ምንድን ነው። የማላውቀውን ፈጥሬ መለስኩላት። በሕይወቴ አንድን ሰው እንዲያ በትዕግሥት አስረድቼ አላውቅም። ወንድሜ በሌላ በኩል እጇን ይዟል። የቅድሙ ጭፈራ መጣ፣ አለፈ። ድልድዩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እናቴ ራሷ ዓይኗን ጨፈነች። እንዴት እንዳወቀች እንጃ፤ ለካ ቅድምም ታይ ነበር።

"ተመለሰች?" አለችኝ እንደ ጨፈነች።

"ገና። ሦስት ዘፈን አለ።"

"ስትመለስ ንገሪኝ።"

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስልኬ ጉያዬ ውስጥ ነዘረኝ። ብርሃኑን በነጠላዬ ከልዬ አየሁት። የእድሩ ዳኛ ልጅ ነው የጻፈው። አጎታችን ገብተዋል፤ ጎረቤት ቤት ተቀምጠው እየጠበቁ ነው፤ እናታችሁን አምጧት ይላል። ስልኩን አጠፋሁት። ቀና ስል እናቴ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች።

"ገባ?" አለችኝ።

"አልገቡም፣ እማዬ።"

"እሰይ" አለች፤ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።